ልማደ አንስት ሲዛባ ወደ ሐኪም የሚኬደው መቼ ነው

በኦሪት ዘፍጥረት ሣራ ልማደ አንስት ተቋርጦባት እንደ ነበረ ይነበባል ፤ የወር አበባና መውለድ የተያያዙ መሆናቸው ከጥንት የታወቀ ነው። ቢሆንም በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ፣ በቀየትም ጭምር፣ አበባዋ የተዛባባት ሚስት ብዙ ጊዜ ነገሩን ለእናቷ እንኳ አትገልጽም። ልጅ ሲዘገይ መካን ናት ትባላለች ፤ ቀጥሎም ሽማግሌ ተቀምጦ ንብረት ይከፈላል። ምርመራው ከፍቺው ቢቀድም ስንቱ ትዳር በቆመ ነበር።

ሐኪሞች የሚሰጡት ልክ ይህ ነው። ያለ መከላከያ ዓመት ሙሉ አብረው ኖረው ልጅ ያልፀነሱ ባልና ሚስት ይመረመራሉ ፤ ሚስቲቱ 35 ዓመት ከሞላት ስድስት ወር ይበቃል ፤ 40 ካለፋት ጨርሶ መዘግየት አይገባም። ይህ ግን አበባዋ ወሩን ጠብቆ ለሚመጣላት ነው። ዘወትር ከ21 ቀን በፊት ለሚመለስባት፣ ከ35 ቀን በላይ ለሚዘገይባት፣ ወይም ሳትፀንስና ሳታጠባ ሦስት ወር ለቀረባት ሴት ዓመቱን መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው ፤ እንቁላል በወጉ ላይወጣ ይችላልና።

መዛባት ሁሉ ግን ደዌ አይደለም። ልማዱ ገና በጀመራት ልጃገረድና በምታጠባ እናት ዘንድ የተለመደ ነው። የሦስት ወሩን የመከላከያ መርፌ የተወችም እስከ ዓመት ድረስ ልትዘገይ ትችላለች ፤ ይህ መካንነት አይባልም።

ምክንያቱ የእንቁላል ማደሪያው ሥራ መታወክ፣ የእንቅርት ዕጢ መድከም ወይም ከረኃብ የመጣ መክሳት ሊሆን ይችላል ፤ ብዙው በመድኃኒት ይረዳል። ጤና ጣቢያው በመጀመሪያ እርግዝና አለመኖሩን አረጋግጦ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ዓለም ከተማው እናት ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይልካል ፤ ከዚያ የሚያልፍ ቢሆን በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓመተ ምሕረት የተከፈተ የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ። ባልም አብሮ ይሂድ ፤ የዘሩ ምርመራ ቀላል ነው፣ ጉድለቱም ብዙ ጊዜ ከእርሱ ወገን ይገኛል።

ምስጢሩን አስቀድሞ የሚሰማው የንስሐ አባት ጸበሉን ሳይከለክል ሐኪሙንም ያመልክት። ቀን ለመቁጠር ጽሕፈት አያስፈልግም ፤ የወሩ በዓላት ይበቃሉ። በሚካኤል የጀመራት ሴት ከሚቀጥለው ወር በአታ በፊት ከተመለሰባት፣ ወይም እስጢፋኖስ አልፎ ካልመጣላት፣ ይህም ከተደጋገመባት፣ ለሐኪሙ የምትነግረው ይህንኑ ነው ፤ ጳጉሜን ግን ለብቻው ይቆጠራል።