ነጩን ጉጉት በበረዶ ሜዳ ላይ እንዴት እናገኘዋለን?

ጉጉት ሲባል ሁላችንም ወደ ዛፍ እናንጋጥጣለን። የበረዶ ጉጉትን የሚፈልግ ሰው ግን ዓይኑን መሬት ላይ ይጣል። ይህ ወፍ የሚወለደው ዛፍ በማይበቅልበት የአርክቲክ ሜዳ ነው፤ ጎጆውም መሬት ላይ ነው። ብርዱ ሲገባ ወደ ደቡብ ካናዳና ወደ አሜሪካ ሰሜናዊ ግዛቶች ሲወርድም የሚመርጠው አገሩን የሚመስል ገላጣ ቦታ ነው፦ የታጨደ እርሻ፣ የሐይቅና የባሕር ዳርቻ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ። በቦስተኑ ሎጋን አውሮፕላን ማረፊያ ኖርማን ስሚዝ የተባሉ የወፍ ተመራማሪ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት ጉጉቶቹን ከመንደርደሪያው አካባቢ እየያዙ ወደ ሌላ ቦታ ወስደው ሲለቁ ኖረዋል።

ሜዳውን በባይኖኩላር ቀስ እያሉ ይቃኙ። በረዶው ላይ ጉብ ያለ ነገር ካዩ አይለፉት፤ ጭንቅላቱ ዞር እስኪል ይጠብቁ። እንደ ስሙ ፍጹም ነጭ ወፍ አይጠብቁ። እንደዚያ የሚነጣው በዕድሜ የበሰለ ወንድ ነው፤ ሴቶቹና ወጣቶቹ ግን ፊታቸው ነጭ ሆኖ ደረታቸውና ጀርባቸው በጥቁር ቡናማ መስመር የተዥጎረጎረ ነው። ጭንቅላቱ ድቡልቡል ነው፣ ጆሮ መሳይ ላባ ቆሞ አይታይበትም፤ ዓይኑ ደማቅ ቢጫ፣ እግሩ እስከ ጥፍሩ ድረስ በላባ የተሸፈነ ነው። ፊቱ የልብ ቅርጽ ያለውና ዓይኑ ጥቁር የሆነ ነጣ ያለ ጉጉት ካጋጠመዎት ሌላ ዝርያ ነው።

በአንዳንድ ዓመት አንድም ሳይታይ፣ በሌላው ዓመት ብዙ የሚመጣው ሌሚንግ በምትባለው የአርክቲክ አይጥ ምክንያት ነው። ሌሚንግ በተትረፈረፈበት በጋ ሴቷ እስከ 11 እንቁላል ትጥላለች፤ በክረምቱም ወጣቶቹ ወደ ደቡብ ይጎርፋሉ። በ2013–14 እ.ኤ.አ. ክረምት እስከ ፍሎሪዳና ቤርሙዳ ደርሰዋል። ብዙ ሰው ረሃብ ያባረራቸው ይመስለዋል፤ ያን ጊዜ ተይዘው የተመረመሩት አብዛኞቹ ግን በደንብ የጠገቡ ነበሩ። በጃንዋሪ 2022 ደግሞ አንዱ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ መሐል ከተማ፣ በዩኒየን ስቴሽን ባቡር ጣቢያ አካባቢ ከሐውልት ሐውልት እየተቀመጠ አይጥ ሲያድን ሰንብቷል።

በአርክቲክ በጋ ጀምበር ስለማትጠልቅ ቀን ማደን ያውቅበታል፤ በክረምት ግን ቀኑን በአብዛኛው ተቀምጦ ያሳልፍና ሲመሽ ይነሣል። ስለዚህ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ያለው ሰዓት ጥሩ ነው። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ከተቀመጠ አልረበሹትም ማለት ነው። ቀጥ ብሎ ቆሞ ዓይኑን አፍጥጦ ካየዎት ግን በጣም ቀርበዋል፤ ወደ ኋላ ይመለሱ። ለፎቶ ብሎ አይጥ መወርወር ነውር ነው፦ ወፉ ሰውንና መንገድን ይለምዳል፣ መኪናም ይገጨዋል።