ለጥር ውርጭ የሚሆን የፎቶ አንሺ ጓንት

ጥር ለጎጃም ፎቶ አንሺ የሥራ ወር ነው፤ የውርጭም ወር ነው። በጥምቀት ጎሕ ሳይቀድ ታቦቱ ካደረበት ባሕረ ጥምቀት ዳር የሚቆም አለ። ጥር 13 ሰከላ ወጥቶ በግሽ ዓባይ የአቡነ ዘርዓ ብሩክን በዓል የሚያነሳ አለ። ጥር 23 ደግሞ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ግልቢያ ለመቅረጽ ማልዶ የሚነሳ አለ። ደረቱን በጋቢ ወይም በጃኬት የጀቦነ ሰው እጁን ግን ባዶውን ይዞ ይወጣል፤ የጠበቀው ነገር ፊቱ ሲደርስ ጣቱ ቆፍኖ የካሜራው ቁልፍ መጫን አለመጫኑ አይታወቀውም።

ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የጮቄ ተራራ አናት ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀዘቅዝ፣ በሁለቱ መካከል ወደ 14 ዲግሪ ልዩነት አለ። ነፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ ብርዱ ይብሳል።

ሰውነት ሲበርደው ደሙን ለልብና ለሌሎች የውስጥ አካላት ያስቀድማል፤ ወደ ጣት የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ። ስለዚህ አንገቱና ደረቱ የበረደው ሰው ምን ዓይነት ጓንት ቢያጠልቅ ጣቱ አይሞቅለትም። መጀመሪያ ጋቢው ይጥበቅ። ብረት ያለው ካሜራም ከአየሩ ይልቅ የእጅን ሙቀት ፈጥኖ ይወስዳል።

ከሁሉም የሚሞቀው አራቱን ጣት አንድ ላይ ይዞ አውራ ጣትን ብቻ የሚለየው ጓንት ነው፤ ጣቶቹ እርስ በርስ ይሟሟቃሉ። ግን በእሱ ፎቶ አይነሳም። የካሜራ ቁልፍ ሁለት ደረጃ አለው፦ በግማሽ ሲጫኑት ፎከስ ይይዛል፣ እስከ ታች ሲጫኑት ፎቶውን ያነሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እጅግ ትንሽ ስለሆነ ወፍራም ጓንት ያጠለቀ ጣት አይለየውም። መፍትሔው መደረብ ነው። ከውስጥ ስስ ጓንት፣ ከላይ ደግሞ ሰፋ ያለና ጫፉ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ወፍራም ጓንት ይሁን፤ ለማንሳት ብቻ ይታጠፋል፣ ወዲያው ይመለሳል። ጣቱ የተቆረጠው ጓንት ለቡሬ ጠዋት ይበቃ ይሆናል፤ ለጮቄ አይመከርም፣ ቆፈን የሚጀምረው ከጣት ጫፍ ነውና።

ለውስጡ የጥጥ ጓንት አትግዙ። ጥጥ ላብና ጤዛ ጠጥቶ እጅን መልሶ ያቀዘቅዛል። ሱፍ ቢርስም ሙቀት ይይዛል።

ነፋስ ባለበት ቦታ ከሁሉም የምመርጠው ስስ የበግ ሌጦ ጓንት ነው፤ ሌጦውም የራሳችን ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ በዓለም የጓንት ገበያ ስሙ የታወቀ ነው፤ የጎልፍ ተጫዋቾች ጓንት ሳይቀር ይሠራበታል። ፒታርድስ የተባለው የእንግሊዝ ቆዳ አምራች ለረጅም ዓመታት ሌጦ ከዚህ ሲወስድ ኖሮ በኋላ እዚሁ አገር ጓንት ወደ ማምረት ገብቶ ነበር። ለዚህ ዓይነት ሌጦ የሚመረጠው ሱፋሙ ሳይሆን አጭር ፀጉር ያለው በግ ነው፤ በምዕራብ ጎጃምና በአዊ የሚረባው የዋሸራ በግም አጭር ፀጉር ነው። ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ ለበዓል የሚነዳው በግ ሌጦው በየቤቱ ደጅ ሲጣል ማየት ያሳዝናል። የሌጦ ጓንት ነፋስ አያስገባም፣ የቁልፉንም ሁለት ደረጃ ጣት ይለይበታል። ከረጠበ ግን ምድጃ ዳር አታድርቁት፤ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ።

ባትሪም በብርድ ቶሎ ይደክማል፤ ትርፉን በውስጥ ኪስ፣ ገላችሁ አጠገብ ያዙት።

ጓንት ልትገዙ ስትሄዱ ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አጥልቃችሁ ቁልፉን በግማሽ ተጫኑ፣ የሌንሱን ቀለበት አዙሩ፣ ካርዱን አውጥታችሁ መልሱ። ከዚያ እጃችሁን ጨብጡ፤ ጓንቱ ከጠበባችሁ ደም አያሳልፍምና ከፍ ያለ ቁጥር ጠይቁ።