ደጃፍ የምታንኳኳው ነርስና የአልኮል ሱስ

የአልኮል ነገር በአገራችን ሲነሳ ክርክሩ ወይ ከሕጉ ወይ ከሆስፒታሉ ይጀምራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ከለከለ፤ የመንገድ ዳር የቢራ ቢልቦርዶችን አስወረደ፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን የቢራ ማስታወቂያም ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ወሰነው። የጤና ባለሙያዎች ይህን የመጀመሪያ ደረጃ መከላከል ይሉታል፤ ሰው መጠጥ ሳይለምድ መድረስ ማለት ነው። ሦስተኛው ደረጃ ሱስ የጣለውን አክሞ ወደ ቤቱና ወደ ሥራው መመለስ ነው። በሁለቱ መካከል ግን ሌላ ደረጃ አለ፦ መጠጡ መጉዳት የጀመረውን፣ ገና ያልወደቀውን ሰው ፈልጎ ማግኘት። በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ትልቁ ክፍተት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሕጉ በደንብ የሚይዘው ስምና ፋብሪካ ያለውን መጠጥ ነው። ካቲካላ ቢልቦርድ ኖሮት አያውቅም። በጓዳ ይወጣል፣ በጀሪካን ይመጣል፣ በመለኪያ ይሸጣል፤ ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያል፣ የጠጪውን መታወቂያ የሚጠይቅም የለም። አዳማ ደግሞ የጅቡቲ መንገድ ከተማ ናት፤ የሞጆ ደረቅ ወደብም ቅርቧ ነው። ሌሊቱን የሚነዳ ሾፌር እንቅልፍ እንዳይጥለው ጫት ይቅማል፤ ማረፊያው ሲደርስ ምርቃናው አላስተኛ ይለውና ጨብሲ ይፈልጋል። እንቅልፍ ፍለጋ የተጀመረ መጠጥ ነው፤ ማስታወቂያ አላመጣውም፣ ማስታወቂያ መከልከልም አያስቆመውም። ከሞጆ ወደ ደቡብ፣ በመቂ በባቱ አድርጎ እስከ ሻሸመኔ በሚዘልቀው መንገድ ዳር ባሉት ግሮሰሪዎችና አረቄ ቤቶችም ነገሩ ከዚህ አይርቅም።

በ2007 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች መካከል ከመቶ 41 ያህሉ ባለፉት 30 ቀናት መጠጥ መቅመሳቸውን ተናግረዋል። ይህ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ጠላ የሌለበት ድግስ የት አለ? የሚያስጨንቀው ከስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ዳር፣ ከጉራጌ ሶዶ ወረዳ የተገኘው የሌላ ጥናት ውጤት ነው። እዚያ ከአራት ወንዶች አንዱ ችግር ባለው መጠን ይጠጣ ነበር፤ መጠጡ ከባድ ደረጃ ከደረሰባቸው ሰዎች ደግሞ ከመቶ 87ቱ እርዳታ ፈልገው አያውቁም። አንዱ ምክንያት ኀፍረት ነው። በኀፍረት የተደበቀ ሰው ጤና ጣቢያ ራሱ እስኪመጣ ከተጠበቀ፣ የሚመጣው ጉበቱ ካበጠ ወይም ትዳሩ ከፈረሰ በኋላ ነው።

ወደ እሱ የሚሄድ ሰው ግን አለ። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነርሶችን ቤት ለቤት ያሰማራል። እነሱ ሊጠቀሙበት የሚችሉት፣ የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ችግርን ለማጣራት ያዘጋጀው መጠይቅ አሥር ጥያቄ ብቻ ነው፤ 8 ነጥብና ከዚያ በላይ ማስጠንቀቂያ ነው፣ 20ና ከዚያ በላይ ያገኘ ወደ ሐኪም ይላካል። ከጥያቄዎቹ አንዱ የጠዋቱን መጠጥ ይመለከታል። «ጋሼ፣ ጠዋት ሳይቀምሱ እጅዎ አልረጋ ይላል?» ስትል በአክብሮት የጠየቀች ነርስ፣ የቡና ሲኒው ማስቀመጫው ላይ ሲንቀጠቀጥ እያየች፣ ቤተሰቡ ለዓመታት ያልደፈረውን ወሬ ትከፍታለች፤ አጭር ምክርም ትሰጣለች።

«ምክር ሱሰኛን መቼ መለሰ?» የሚል ይኖራል። ከ60 በላይ ሙከራዎችን የመረመረ እ.ኤ.አ. የ2018 ግምገማ እንዳሳየው፣ አጭር ምክር ያገኙ ሰዎች ከዓመት በኋላ ካላገኙት ይልቅ በሳምንት 20 ግራም ያህል ያነሰ አልኮል ጠጥተዋል፤ ልዩነቱ ከሁለት ጠርሙስ ቢራ ያነሰ ማለት ነው። ትንሽ ነው፤ ሙከራዎቹም በአብዛኛው የሀብታም አገሮች ናቸው። ነገር ግን ምክሩ የታሰበው ገና ለሚንሸራተተው ነው፣ ዋጋውም የአንዲት ነርስ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሥራ በዝቶባታል የሚለው ግን እውነት ነው፤ ክትባቱም፣ እርግዝናውም፣ ቲቢውም እሷው ላይ ነው። ስለዚህ ከሌላው ሥራዋ ሳይቀነስ ይህ ይጨመርባት ማለት ፍትሕ አይሆንም። አረቄ አውጥተው ልጆች የሚያሳድጉ እናቶችስ? ማጣራቱ ጀሪካናቸውን አይደፋም፤ እንዲያውም ማን እጁ እየተንቀጠቀጠ በማለዳ እንደሚመጣ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ ስለሌለ ነርሷ ልታማክራቸው ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው የፀበሉ ጉዳይ ነው። ፀበል ከመጠጥ እንዳላቀቃቸው የሚናገሩ ብዙ ናቸው፤ የሚያጽናና ማኅበረሰብም ይሰጣል። ሆኖም ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል መንቀጥቀጥ፣ በሦስተኛው ቀን ገደማ መቃዠት ሊመጣበት ይችላል፤ ይህም ሊገድል ይችላል። በዲያዜፓምና በቫይታሚን ቢ1 ሊታከም የሚችል ነገር፣ በጾም መግቢያ ወይም በፀበል ቦታ ሲደርስ እንደ መንፈስ ሊቆጠር ይችላል። ነርሷ ሰውየውን ቀድማ ካወቀችው ፀበሉን አትከለክለውም፤ ከመሄዱ በፊት ሆስፒታል እንዲታይ ለሚስቱና ለንስሐ አባቱ ትነግራለች።