ጥርስ ያለው መለሰኛ

የግድግዳ ሴራሚክ ውበቱ በአፍአ የሚታይ ቢሆንም፣ ጽናቱ ግን በውሳጤው፣ ማለት በግድግዳውና በሴራሚኩ ጀርባ መካከል በሚተኛው ስስ የማጣበቂያ ንጣፍ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የዚህንም ንጣፍ ልክ የሚወስነው፣ ብዙ ሰው ማጣበቂያ መቀቢያ ብቻ አድርጎ የሚያየው፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣው ጠፍጣፋ መለሰኛ ነው።

ቀድሞ ባለሙያው ሴራሚክን የሚለጥፈው በወፍራም የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ ስለ ነበረ፣ የግድግዳውን ጉድለት እየሞላ፣ ትርፉን እየቀነሰ፣ ልኩን በዓይኑና በእጁ ያገኝ ነበር፤ ከኻያኛው ክፍለ ዘመን እኩሌታ ወዲህ ግን ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ማጣበቂያ እየተስፋፋ በመጣ ጊዜ፣ እንዲህ ያለውን ቀጭን ነገር ዓይን ሊመዝነው ስለማይችል፣ መስፈርያው ከሠራተኛው እጅ ወደ መሣርያው ጥርስ ተላለፈ።

የጥርሱ መልክ በዋናው ሁለት ነው። ሹል የሆነው የሚያኖረው ማጣበቂያ ጥቂት ስለ ሆነ ለሞዛይክ ይስማማል፤ በሞዛይክ ላይ ጥልቅ ጥርስ ቢውል ማጣበቂያው በየመገጣጠሚያው እየፈለቀ ሥራውን ያበላሻልና፣ 5 ሚሊሜትር ያህል ይበቃዋል። አራት ማዕዘን የሆነው ግን፣ ጥርሱና ክፍተቱ እኩል ከሆነ፣ ሴራሚኩ ተጭኖ ጥርሱ ያወጣቸው የማጣበቂያ መስመሮች ሲተኙ የጥልቀቱን እኩሌታ ያህል ያስቀራል፤ ስለዚህ ባለ 6 ሚሊሜትሩ 3 ሚሊሜትር ያህል ንጣፍ ይሰጣል፣ ይህም ጎኑ 15 ሳንቲሜትር አካባቢ ለሆነ የግድግዳ ሴራሚክ የሚመች ነው። 30 በ60 ሳንቲሜትር ለሆነው 10 ሚሊሜትር፣ ከዚያም ለሚበልጠው 12 ሚሊሜትር የተለመደ ነው።

ነገር ግን ጥርሱ በጠለቀ መጠን ሥራው ይጸናል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ግድግዳ እንደ ወለል ክብደትን አይሸከምምና፣ ማጣበቂያው ሲበዛ ገና ሳይደርቅ ሴራሚኩ ቁልቁል ይንሸራተታል። ግድግዳው ጎርባጣ ከሆነም አስቀድሞ በልስን ይስተካከል እንጂ፣ የልስኑን ነውር በማጣበቂያ ብዛት መሸፈን አይገባም። ደግሞም በመሣርያው ላይ የተጻፈው ቍጥር ብቻውን ፍጹም አይደለም፤ መለሰኛውን በ45 ዲግሪ ያዘነበለ ሰው በ10 ሚሊሜትር ጥርስ የሚያወጣው መስመር ቁመቱ ወደ 7 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ አሸዋ ያለበት ማጣበቂያም ጥርሱን ከዘመን ብዛት ስለሚበላው፣ የተበላው መሣርያ ስሙን እንደ ያዘ ልኩን ያጣል።

አቀባቡም ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ ጥርስ በሌለው በመለሰኛው ለስላሳ ጠርዝ ጥቂት ማጣበቂያ ወደ ግድግዳው አጥብቆ መዳመጥ፣ ቀጥሎም በጥርሱ ሁሉንም መስመር ወደ አንድ አቅጣጫ ቀጥ አድርጎ መሳብ ይገባል፤ ምክንያቱም ሴራሚኩ ከመስመሮቹ አግድም እየተገፋ ሲጫን አየሩ በመስመሮቹ መካከል ባሉት ቦዮች ሾልኮ ይወጣል፣ እየተዞረ በክብ በተቀባ ጊዜ ግን መውጫ አጥቶ ባዶ ኅዋ ይፈጥራል፤ በዚያም ኅዋ ውኃ ይጠራቀማል፣ ሴራሚኩም ሲበሳ ወይም ሲመታ ድጋፍ በማጣቱ ይሰነጠቃል።

የምርጫው ዳኛ እንግዲህ የሴራሚኩ ጀርባ ነው። በአሜሪካ የሙያ መመዘኛ መሠረት ማጣበቂያው በደረቅ ክፍል ከጀርባው ቢያንስ 80 ከመቶ፣ በመታጠቢያ ቤትና በመሰለው ርጥብ ቦታ ደግሞ 95 ከመቶ ሊይዝ ይገባዋል፤ ስለዚህ አስተዋይ ባለሙያ የመጀመሪያውን ሴራሚክ ለጥፎ ሳይደርቅ ያነሣዋል፣ ጀርባው ራቁቱን የቀረ ቦታ ካየ ጠለቅ ያለ ጥርስ ይመርጣል ወይም ጀርባውንም ይቀባል፣ በመገጣጠሚያው የተረፈ ካየም አነስተኛውን ያነሣል። የቤቱ ባለቤት ይህን ስፍራ ከቶ አያየውምና፣ እንዲህ ያለው ምርመራ የሙያ ብቻ ሳይሆን የታማኝነትም ግዴታ ነው።