በመረብ ላይ ቃል የሚያሠራጭ ሰው ከሙግትና ከፍርድ የሚድንበት ጥንቃቄ

በቀድሞ ዘመን አንድ ቃል ከጸሐፊው ብዕር ወጥቶ ለሕዝብ ዓይን እስኪደርስ ድረስ በብዙ ሰው እጅ ያልፍ ነበር። አዘጋጁ ያነበዋል፤ መርማሪው ይመለከተዋል፤ ፊደል ለቃሚው ይለቅመዋል፤ አራሚው ያርመዋል፤ ከዚህም ሁሉ በኋላ ይታተማል። ከነዚህ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ይመልሰው ነበር። ዛሬ ግን በአሶሳ ከተማ በቤቱ ተቀምጦ በእጅ ስልኩ የሚጽፍ ሰው ጸሐፊውም፣ አዘጋጁም፣ አራሚውም፣ አታሚውም እርሱ ብቻ ነው። ሥልጣኑ የሁሉ እንደ ሆነ፣ ኀላፊነቱም የሁሉ ነው። ስለዚህ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ገጽ ከፍቶ አከራካሪ ነገር ለሕዝብ የሚያሠራጭ ሰው፣ የሕጉን ወሰን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ማንም ሰው ያሰበውን የመናገርና የመጻፍ ነጻነት እንዳለው ይናገራል፤ ቅድመ ምርመራንም ይከለክላል። ነገር ግን ይኸው አንቀጽ ስለ ወጣቶች ደኅንነትና ስለ ሰዎች ክብርና መልካም ስም ሕግ ሊወጣ እንደሚችል፣ የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ ንግግርም በሕግ እንደሚከለከል ያስረዳል። እንግዲህ ምርመራ ቀረ ማለት ተጠያቂነት ቀረ ማለት አይደለም። ቀድሞ ከመታተሙ በፊት ይጠየቅ የነበረው ሰው ዛሬ ከታተመ በኋላ ይጠየቃል።

ይህ ነገር በአገሩ ሁሉ የሚያስፈልግ ቢሆንም፣ ይልቁንም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። ክልሉ በምዕራብ ከሱዳን ጋር የሚዋሰን፣ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች አገር ነው። የአማራ፣ የኦሮሞ፣ የአገውና የሌሎችም ወገኖች ተወላጆች አብረዋቸው ይኖራሉ። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ በሠፈራ ወደ አሶሳና ወደ መተከል የመጡ ቤተ ሰቦችም በዚያው ልጅና የልጅ ልጅ አፍርተዋል። እንዲህ ባለ አገር አንድ ቃል ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር ክብደቱ ይለወጣል። «መጤ» የሚለው ቃል ለሚናገረው ሰው ቀላል መስሎ ሊታየው ይችላል፤ በዚያ ተወልዶ ላደገ ሰው ግን አገርህ አይደለም፤ ውጣ ማለት ነው። በድሮ መጻሕፍትና መዝገቦች የጉሙዝና የጎረቤቶቹ ሕዝቦች የሚጠሩበት አዋራጅ ስምም እንዲሁ ነው። ከድሮ መዝገብ የሚገለብጥ ሰው ቃሉ የዘመኑ እንጂ የራሱ አለመሆኑን ሳይገልጽ ቢያሠራጨው፣ ስድቡን እንደ አዲስ የተናገረው እርሱ ሆኖ ይቆጠርበታል።

በዚሁ ክልል በመተከል ዞን፣ በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። ልብ እንዲህ በቆሰለበት ጊዜ አንዲት የሐሰት ወሬ የምታደርሰውን ጉዳት ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

ሕጉም ይህን ስለሚያውቅ፣ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል። በዚህ አዋጅ የጥላቻ ንግግር የሚባለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት በአንድ ሰው ወይም ተለይቶ በሚታወቅ ወገን ላይ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ሆን ብሎ የሚያነሣሣ ቃል ነው። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጫ ነው። ከንግግሩ የተነሣ ጥቃት ተፈጽሞ እንደ ሆነ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ሐሰተኛ መረጃ የሚባለው ደግሞ፣ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው አንድ ሰው የሚያሠራጨው፣ ሁከትንም ለማስነሣት የቀረበ ቃል ነው። ለዚህ ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ሲሆን፣ በማኅበራዊ መገናኛ ከ5,000 በላይ ተከታዮች ባሉት ገጽ የተሠራጨ እንደ ሆነ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ በተከታዮቹ ብዛት የሚመካ ሰው፣ ከብዛታቸው ጋር የራሱም ዕዳ እንደሚያድግ ይወቅ።

አዋጁ ግን የሚዘጋው መንገድ ብቻ አይደለም ያለው፤ የሚከፍተውም አለ። ለትምህርትና ለምርምር፣ ለዜና ዘገባ፣ ለፖለቲካ ትችት፣ ለኪነ ጥበብ ወይም ለሃይማኖት ትምህርት የተነገረው ቃል እንደ ጥላቻ ንግግር አይቆጠርም። እውነቱን ለማረጋገጥ እንደ ሁኔታው የሚቻለውን ጥረት ያደረገ ሰውም በሐሰተኛ መረጃ አይፈረድበትም። የአዋጁ ትርጓሜ ሰፊ ነው ብለው የተቹት የሰብአዊ መብት ተሟጋቾች አሉ። ትርጓሜው ሰፊ ከሆነ ዘንድ፣ ጥንቁቅ ሰው ጥረቱን በልቡ ብቻ ሳይሆን በማስረጃ ይዞ መገኘት ይኖርበታል።

አንድ ሥዕል ምስክርም፣ የጦር መሣሪያም ሊሆን እንደሚችል በመተከል የሆነው ነገር ያስተምረናል። የካቲት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በጉባ ወረዳ በአይሲድ ቀበሌ የታጠቁ ሰዎች ሰውን በእሳት ሲያቃጥሉ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ በመረብ ላይ ተሠራጨ። መንግሥት ድርጊቱን አውግዞ አጥፊዎቹ በሕግ እንደሚጠየቁ አስታወቀ፤ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም መርምሮ ድርጊቱን አረጋገጠ። እንግዲህ ሥዕሉ ባይወጣ ኖሮ በደሉ ተሰውሮ በቀረ ነበር የሚል ሰው የሚናገረው ከንቱ አይደለም። ሆኖም ያንኑ ሥዕል ቦታውንና ቀኑን ገልጦ፣ የሟቹን ፊት ሸፍኖ፣ ፍርድ ይሰጥ ብሎ የሚያወጣ ሰውና፣ «የእገሌ ነገድ ይህን ሠራ፤ እናንተም ተነሡ» ብሎ የሚያሠራጭ ሰው በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ምስክር ነው፤ ሁለተኛው በ2008 ዓ.ም. በወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ጭምር፣ በሕዝብ መካከል ግጭት በማነሣሣት እስከ 3 ዓመት ጽኑ እስራት ሊፈረድበት ይችላል።

የአንድ ሰው ስምና ፎቶግራፍ አለ ጥንቃቄ ሲወጣ በቤተ ሰቡ ላይ ምን እንደሚደርስ ደግሞ ከባሕር ዳር እንማራለን። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ በፌስቡክ ላይ ስማቸውን እያነሡ የሚከሱ ጽሑፎች ከወጡ በኋላ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ጽሑፎቹ እንዲነሡ አመልክቶ በጊዜው የሚሰማው እንዳላገኘ የሚናገረው ልጃቸው፣ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ነገሩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። ይህ ውሳኔ የመጨረሻ ፍርድ ባይሆንም፣ ቃሉን የጻፈው ሌላ ነው ማለት ብቻውን በር እንደማይዘጋ ያሳያል።

ይህም አዲስ ነገር አይደለም። በ1986 ዓ.ም. በሩዋንዳ ከደረሰው እልቂት በኋላ በአሩሻ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት፣ ሚል ኮሊን የተባለውን ራዲዮ ካቋቋሙት አንዱን የታሪክ ምሁር ፌርዲናንድ ናሂማናን በ1996 ዓ.ም. ፈረደበት። በ2000 ዓ.ም. በይግባኝ ከብዙው ክስ ነጻ ቢወጣና ቅጣቱ ወደ 30 ዓመት ቢቀነስም፣ የጸናበት ጥፋት ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ በበላይነቱ ሊያስቆማቸው ሲችል የራዲዮውን ሠራተኞች አላስቆመም።

እንግዲህ ባለገጹ የሚከተለው መንገድ እንዲህ ነው።

አንደኛ፤ ወሬውን ከማን እንደ ሰማ፣ በምን ቀንና በምን ሰዓት እንደ ጠየቀ፣ ማን ምን እንደ መለሰለት በመዝገብ ይጻፍ። ሥዕል ሲደርሰው የሌላ አገር ወይም የሌላ ዘመን ሥዕል አለመሆኑን ይመርምር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በመረብ ላይ የፈሰሰ ቃል ግን ተለቅሞ አያልቅም።

ሁለተኛ፤ የሆነውን ነገርና ስለ ሆነው ነገር ያለውን አሳብ ለይቶ ይጻፍ። ባለሥልጣንን ስለ ሥራው መተቸት መብት ነው፤ ያልሠራውን ሠራ ማለት ግን ትችት አይባልም።

ሦስተኛ፤ ጥፋትን ለአጥፊው እንጂ ለነገዱ አይስጥ። አጥፊ የተባለውንም በፍርድ እስኪረጋገጥበት ድረስ ተጠርጣሪ ይበለው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ንጹሕ ሆኖ የመቆጠር መብት ሰጥቶታልና።

አራተኛ፤ የሰውን መኖሪያ፣ የስልክ ቁጥርና የልጆቹን ስም አያውጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የሰውን ፎቶግራፍ አለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትን ይከለክላል፤ በሕዝብ ሥራ ላይ ስላለ ሰውና በአደባባይ ስለሚደረግ ነገር ግን የተለየ ፈቃድ ሰጥቷል።

አምስተኛ፤ ሌላ ሰው በገጹ ላይ ያኖረው ክፉ ቃል እንዳለ ባወቀ ጊዜ፣ ግልባጩን ለማስረጃ አስቀምጦ ቃሉን ወዲያው ያንሣው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ አገልግሎት ሰጪን ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ ባለማንሣቱ ተጠያቂ ያደርገዋል፤ አዋጅ 1185ም ጥቆማ በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲነሣ ይጠይቃል። ይህ ግዴታ በተለይ የተጣለው በአገልግሎት ሰጪዎች ላይ ቢሆንም፣ ባለገጽም ይህንኑ ልክ ለራሱ ቢይዘው ይጠቅመዋል።

ስድስተኛ፤ ስሕተት ሠርቶ ቢገኝ አይከራከር፤ ያርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2049፣ ለመጉዳት ሳያስብና ያለ ከባድ ቸልተኝነት የሰውን ስም የነካ ሰው፣ ተበዳዩ በጠየቀው ጊዜ ወዲያው ቃሉን ቢመልስና ይቅርታ ቢጠይቅ ከኀላፊነት እንዲድን ይፈቅዳል። እርማቱም ስሕተቱ በታየበት ቦታ፣ ስሕተቱን ላዩት ሁሉ እንዲደርስ ሆኖ ይውጣ እንጂ በስውር አይሁን።

ለአባትና ለእናት ደግሞ የሚቀረው ነገር ይህ ነው። ዕድሜው ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆነ ልጅ ወንጀል ቢሠራ በወጣት አጥፊነት የተለየ ሥርዐት ይጠብቀዋል፤ 15 ዓመት ካለፈ በኋላ ግን በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል። አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ በሌላ ሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2124 አባትን በኀላፊነት ይጠራል። ስለዚህ ልጁ በቤት ውስጥ በእጅ ስልክ የሚጽፈው ነገር የጨዋታ ነገር ብቻ አይደለም፤ የቤቱ ሀብትና ስም በዚያ ላይ ነው። ነገር ግን ስልኩን ነጥቆ ከመደበቅ ይልቅ፣ የደረሰውን ወሬ ሳያስተላልፍ ለወላጁ የሚያሳይበትን ልማድ ማስለመድ ይሻላል። በአሶሳ የበርታው ልጅና በሠፈራ የመጡት ሰዎች የልጅ ልጅ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ይማራሉና፣ ልጁ ስለ ጓደኛው ወገን የጻፈውን ነገር ከመላኩ በፊት በዚያ ጓደኛው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሊያነበው ይችል እንደ ሆነ ይጠየቅ። የማያነበው ከሆነ አይላከው።