ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት፦ የጥላ መንገድ በየወቅቱ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወደ ይፋት ቆላ ሲወርድ፣ መንገደኛው በሌላ አገር ወራት ጠብቆ የሚያየውን የዛፎች ለውጥ በአንድ ጠዋት ጉዞ በተከታታይ ያያል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የተቦረቦረው ይህ ዋሻ ያለበት ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ሸዋ ሮቢት ግን የምትገኘው በ1280 ሜትር አካባቢ ነው። አየር በየ1000 ሜትር ቁልቁለት በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚሞቅ፣ በሁለቱ ቦታዎች መካከል 11 ዲግሪ የሚደርስ ልዩነት ይኖራል፤ ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ የዛፉን ሁኔታ የሚወስነው ወሩ ብቻ ሳይሆን መንገደኛው የደረሰበት ከፍታም ነው።

በላይኛው ክፍል፣ ማለትም ደጋ በሚባለውና ብዙውን ጊዜ ከ2300 ሜትር በላይ ተብሎ በሚለካው ምድር፣ በጎዳናው ግራና ቀኝ በብዛት የሚታየው ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራልያ መጥቶ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተስፋፋው ይህ ዛፍ ቅጠሉን በአንድ ጊዜ ስለማያረግፍ በመስከረምም በግንቦትም መልኩ አንድ ነው፤ ወቅት ለማየት ለወጣ ሰው በሥሩ ያለው የገብስ ማሳ ይበልጥ ይነግረዋል። የአገሩን ጥንታዊ የደጋ ዛፍ ማየት የሚሻ ከጎዳናው ወጣ ብሎ በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል ወዳለው ወፍ ዋሻ ደን መሄድ ይኖርበታል፤ እዚያ ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ዛሬም በገደሉ ላይ ይገኛሉ። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከወፍ ዋሻ በተወሰደ የጽድ ዘር ነው። ትውፊቱ እውነት ከሆነ፣ አስቦና አቅዶ ዛፍ መትከል በሸዋ ከመኪና መንገድ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል ማለት ነው።

ከደብረ ሲና በታች ወይና ደጋው ሲጀምር ዋንዛ፣ ሾላና ዋርካ ይከተላሉ። ዋንዛ ክረምቱ ሲያበቃ ነጭ አበባውን የሚያወጣ ስለሆነ ንብ አርቢዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ሲሆን፣ አበባው በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ከሚቆየው ዘመነ ጽጌ ጋር በአመዛኙ ይገጣጠማል። ሾላና ዋርካ ግን በየትኛውም ወር አበባቸው ለዓይን አይታይም፤ አበባው ፍሬ በሚመስለው እንቡጥ ውስጥ ተሸሽጎ የሚያብብ ሲሆን፣ የአበባ ብናኙን ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያመላልሰው ወደ እንቡጡ ሰርስሮ የሚገባ እጅግ ትንሽ ተርብ ነው።

ቆላው ሲደረስ ግን የዛፍ ትርጉም ራሱ ይለወጣል። በደጋ ዛፍ ማገዶና ማገር ሲሆን በይፋት ቆላ ከሁሉ በፊት ጥላ ነው፤ ይህም አዲስ ነገር አይደለም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የይፋትን ሱልጣኔት ሲያቋቁም የግዛቱ ጉልበት ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው የቅፍለት ንግድ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም በአንኮበር ሥር ያለችው የአልዩ አምባ ገበያ ከቆላ የሚመጣውን ጨው ትቀበል ነበር። ሲራራ ነጋዴ ግመሉንና በቅሎውን የሚያሳርፈው በዋርካና በሾላ ሥር በመሆኑ፣ ዛፉን መቁረጥ ማረፊያን ማፍረስ ነበር።

የዛሬው የቆላ ከተማ ጎዳና የሚጠለለው በአብዛኛው ከውጭ በመጡ ዛፎች ነው። እንደ ሸዋ ሮቢት ባሉ ሞቃት ከተሞች ተመራጭ የሆነው ኒም መነሻው የህንድ ክፍለ አህጉር ሲሆን፣ በበጋው መጨረሻ ቅጠሉን ጥቂት ቢያራግፍም ወዲያው ስለሚተካ ፀሐይ በሚከርርበት ወር ጥላው አይጠፋም። በአበባው የሚደነቀው ደግሞ ከማዳጋስካር የመጣው፣ በአማርኛ የድሬዳዋ ዛፍ የሚባለው ነው። ስያሜውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረችው ድሬዳዋ፣ በተለይ የባቡር ኩባንያው ሠራተኞች የሰፈሩበት ከዚራ፣ በሁለት ወገን ዛፍ የተሰለፈባቸው ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች የኢትዮጵያ ዋነኛ ምሳሌ ነው። የሁለቱ ከተሞች ከፍታ ተቀራራቢ ስለሆነ በከዚራ የጸደቀው በሸዋ ሮቢትም ሊጸድቅ ይችላል፤ ልዩነቱ ያለው በቦታው አያያዝ ላይ ነው። ከዚራ ሲነደፍ ዛፉ ከመንገዱ ጋር ታቅዶ ነበር፤ በአውራ ጎዳና ላይ ባደጉ ከተሞች ግን ከባድ መኪና፣ ባጃጅ፣ የመብራት ምሰሶና የሱቅ በረንዳ ለአንዲት ጠባብ መሬት ስለሚሻሙ፣ ዛፉ የሚተርፈው ሌላው ሁሉ ድርሻውን ወስዶ ካበቃ በኋላ ነው።

አራቱ ወቅቶች በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር መጸው፣ በጋ፣ ጸደይና ክረምት ሲሆኑ፣ የይፋት ዛፍ ግን የሚመራው በሁለቱ ዝናቦች ነው፤ አንደኛው እርጥበቱን በአመዛኙ ከህንድ ውቅያኖስ የሚያገኘውና በየዓመቱ የማይታመነው የበልግ ዝናብ፣ ሁለተኛው በሐምሌና በነሐሴ የሚበረታው የክረምቱ ዝናብ ነው። የድሬዳዋ ዛፍ በደረቁ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ረጃጅም ጥቁር ፍሬውን ብቻ ተሸክሞ ይቆይና፣ ሙቀቱ በሚያይልበት በሚያዝያና በግንቦት፣ ቅጠሉ ገና ሳይሞላ ቀይ አበባውን ያወጣል። ቁርቁራ በአንጻሩ በበጋ ፍሬ ስለሚሰጥ፣ ሕፃናትና እረኞች የሚለቅሙት ሌላው ሁሉ በደረቀበት ጊዜ ነው። ከሁሉም የሚያስገርመው በስምጥ ሸለቆና በአዋሳኝ ቆላዎች እርሻ መካከል የሚተወው ገርቢ የተባለ የግራር ዘመድ ነው፤ ይህ ዛፍ ዝናብ ሲጀምር ቅጠሉን አራግፎ በበጋ ስለሚለመልም፣ በክረምት ከሰብሉ ጋር ፀሐይ አይሻማም፣ በበጋ ደግሞ ለከብት ጥላና መኖ ይሆናል፣ የረገፈው ቅጠሉም መሬቱን ያዳብራል። ገበሬው ሌላውን ዛፍ መንጥሮ ገርቢን የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ይህን መንገድ ለመጎብኘት አንድ ምርጥ ወር መምረጥ አይቻልም። አበባ የሚፈልግ በግንቦት ሙቀቱን ታግሦ ማለዳ ወይም ወደ ማምሻው በእግሩ ቢንቀሳቀስ ይሻለዋል፤ የተዳፋቱን ልምላሜ የሚመርጥ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ቢወርድ አደይ አበባውን በላይ፣ የደረሰውን የማሽላ ማሳ በታች ያገኛል። በሐምሌና በነሐሴ የሚጓዝ ግን በጣርማ በር ጉም ብዙ ጊዜ ርቆ ማየትን ስለሚከለክል፣ ጠመዝማዛውን በዝግታ መውረድ ይኖርበታል። ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን በጀውሃ በኩል የሚቀጥል ደግሞ ጉዞውን ከእሑድ ጋር ካገጣጠመ፣ የሰንበቴ ከተማን ታላቅ ገበያ በድምቀቱ ሰዓት ያገኘዋል።