ፋይልን አስቀድሞ ወደ መሸጎጫ ስለ ማምጣትና ስለ ሰዓቱ አመዳደብ

ብልህ ባለቤት እንግዳው ከመድረሱ በፊት ውሃውን አስቀድቶ በእንስራ ያቆያል፤ እንግዳ ከተቀመጠ በኋላ ወደ ምንጭ መላክ ግን እንግዳን ማስጠማት ነው። በኮምፒዩተር መረብም ነገሩ እንዲሁ ነው።

መሸጎጫ የሚባለው ከሩቅ ሰርቨር የመጣን ፋይል ቅጂ ለተጠቃሚዎች በቀረበ ስፍራ የሚያቆይ መሣሪያ ነው። ተራ መሸጎጫ ፋይሉን የሚያመጣው ሰው ከጠየቀው በኋላ ስለ ሆነ፤ የመጀመሪያው ጠያቂ መዘግየቱን ይሸከማል። ፋይሉ ማንም ሳይጠይቀው፤ መስመሩ ባዶ በሆነበት ሰዓት ቢመጣ ግን ይህ ችግር ይቀራል።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። አንድ ኮሌጅ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚያሳልፍ የውጭ መስመር አለው እንበል። 300 ተማሪዎች ጠዋት 1 ጊጋባይት የሆነ አንድ የትምህርት ፊልም እያንዳንዳቸው ከውጭ ቢያወርዱ፤ መስመሩ ሌላ ሥራ ባይኖረው እንኳ 24,000 ሴኮንድ፤ ይኸውም 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። ፊልሙ ሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ ቢመጣ ግን የውጭው መስመር የሚያዘው ለ80 ሴኮንድ ነው፤ ጠዋትም በሴኮንድ 1 ጊጋቢት በሚያሳልፍ የውስጥ መስመር ለሁሉም በ40 ደቂቃ ይዳረሳል። ኔትፍሊክስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ባደረገው ኦፕን ኮኔክት የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ በብዛት ይታያሉ ተብለው የተገመቱ ፊልሞች ተመልካች በሚያንስበት ሰዓት በኢንተርኔት አቅራቢዎች ዘንድ ወደ ተተከሉ መሣሪያዎች ይገባሉ።

ስለ ሰዓቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሊኑክስ ክሮን የተባለው ፕሮግራም 2 ሰዓት ተብሎ ሲታዘዝ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሚቆጥር፤ በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 8 ሰዓት ማለት ነው። የእኛን 8 እንዳለ የጻፈ ሰው ሥራውን ከጠዋቱ 2 ሰዓት፤ መሥሪያ ቤት በሚከፈትበት ጊዜ ያስጀምረዋል። የማሽኑ ሰዓት በዩቲሲ የተሞላ ከሆነ ደግሞ ከኢትዮጵያ ሰዓት በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር 23 ተብሎ መጻፍ ይገባዋል። ብዙ መሸጎጫዎች ቢኖሩም ሁሉም በአንድ ደቂቃ ተነሥተው ምንጩን ሰርቨር እንዳያጨናንቁ መነሻቸውን ማራራቅ መልካም ነው።

ምርጫው ግን ከሰዓቱ ይከብዳል። ቦታው የተወሰነ ስለ ሆነ አንዱ ፋይል ሲገባ ሌላው ይወጣል። ላስሎ ቤላዲ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ኮምፒዩተር ሜሞሪ ባሳተመው ጥናት፤ ከሁሉ የሚሻለው ወደ ፊት ከሁሉ ዘግይቶ የሚፈለገውን ማስወጣት መሆኑን አስረድቷል። መጪውን የሚያውቅ ማሽን ስለሌለ ግን ያለፈውን የጥያቄ መዝገብና የትምህርቱን ፕሮግራም አይቶ መገመት ግድ ነው። ያለ ግምት የተጫነ ፋይል መስመር ያባክናል፤ በየዕለቱ የሚፈለገውንም ያስወጣል።

በመጨረሻም አዲሱ ቅጂ በጊዜያዊ ስም መጥቶ ሲሟላ ብቻ ስሙ መለወጥ አለበት፤ አለዚያ ጎዶሎ ፋይል ለተጠቃሚ ይደርሳል። በኤችቲቲፒኤስ የተመሰጠረውን ደግሞ በመካከል ያለ መሸጎጫ ሊያነበው ስለማይችል የፋይሉ ባለቤት ትብብር ያስፈልጋል።

አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ወደ ባሕር ሥር ኬብል የምትደርሰው በጎረቤት አገሮች በኩል ነው። ስለዚህ አንድ ፋይል ያን መንገድ አንድ ጊዜ ይምጣ ወይስ ሦስት መቶ ጊዜ የሚለው ጥያቄ የፍጥነት ብቻ ሳይሆን የገንዘብም ጥያቄ ነው።